የእጅ ሥራ ፍሬም፦ የአንባቢያን ጥያቄ፣ የባለሙያዎች መልስ

በዚህ ዕትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች በሙሉ የተራራ ብስክሌት ፍሬም በትንሽ ወርክሾፕ ስለሚሠሩ ሰዎችና ስለ ደንበኞቻቸው ናቸው። ተመሳሳይ የሆኑትን አጣምረናቸዋል።

ጥያቄ፦ ወዳጆቼ አንድ ወይም ሁለት ሰው በእጁ የሠራው ፍሬም ካልሆነ አንነዳም ይላሉ። ለወራት ወረፋ ይጠብቃሉ። ፍሬሙን አንስቼ ሳየው ግን ሱቅ ካለው አይቀልም፤ እንዲያውም ይከብዳል። ምኑን ነው የሚገዙት?

መልስ፦ በክብደቱ ልክ ነዎት። ቱቦውም ቢሆን ምስጢር የለውም። የበርሚንግሃሙ ሬይኖልድስና የሚላኑ ኮሎምበስ ለትልቁም ለትንሹም ሠሪ ይሸጣሉ። ልዩነቱ ያለው ከቱቦው መደርደሪያ ፊት ቆሞ የሚመርጠው ሰው ለማን እንደሚሠራ ማወቁ ላይ ነው። ፋብሪካ አንድን የፍሬም መጠን ሲነድፍ 60 ኪሎ የሚመዝነውንም 105 ኪሎ የሚመዝነውንም ነጂ እንዲሸከም አድርጎ ነው፤ ስለዚህ ለከባዱ ያሰላል፣ ቀላሉም ያንኑ ይነዳል። ትንሹ ሠሪ ለቀላሉ ሰው የታችኛውን ሰያፍ ቱቦ 35 ሚሊ ሜትር፣ ለከባዱ 38 አድርጎ ሊቆርጥ ይችላል። የግድግዳው ውፍረት እኩል ከሆነ ያቺ የ3 ሚሊ ሜትር ልዩነት ቱቦውን ወደ 28 በመቶ ግትር ታደርገዋለች፤ ክብደት ላይ የምትጨምረው ግን 9 በመቶ ገደማ ነው። ዲያሜትር ማለት ይህን ያህል ነገር ነው።

ደግሞም የተራራ ብስክሌት ራሱ የእጅ ሥራ ልጅ ነው። ጆ ብሪዝ በካሊፎርኒያ ማሪን ካውንቲ የመጀመሪያዎቹን ፍሬሞች የሠራው በ1977 እና በ1978 ነበር፤ ብዛታቸው አሥር ያህል ነው። ቶም ሪቺ በ1979 ተከተለ። ስፔሻላይዝድ የተባለው ኩባንያ ስታምፕጃምፐር የተባለውን የተራራ ብስክሌት በብዛት ያወጣው በ1981 ነው። ክሪስ ቻንስ በ1982 ማሳቹሴትስ ውስጥ ሶመርቪል ላይ ያቋቋመው ፋት ሲቲ ሳይክልስ በ1994 ተሽጦ ወደ ኒው ዮርክ ግዛት ሲዛወር፣ አብረው ያልሄዱት ሠራተኞች በ1995 እዚያው ኢንዲፔንደንት ፋብሪኬሽንን መሠረቱ። የድሮ ፍሬም ወዳጆች ከተለጠፈው ስም ይልቅ «የበየደው ማን ነው?» ብለው የሚጠይቁት እንዲህ ስላለ ነው።

አንድ ነገር ግን ይለዩ። «ትንሽ ሠሪ» የሚባለው ሦስት ዓይነት ነው። ቆርጦ፣ ሞርዶና በይዶ የሚጨርስ አንድ ሰው አለ። የራሱ ማሽንና ጥቂት ሠራተኞች ያሉት እንደ ጀርመኑ ኒኮላይ ያለ ቤት አለ። ነድፎ በሌላ አገር ወርክሾፕ የሚያሠራም አለ። ሦስተኛው የሚናቅ አይደለም፤ ጥሩ ጥሩ ፍሬሞች ከዚያ ይወጣሉ። ነገር ግን በልክ አይሰፋም፤ ያለው ከትንሽ እስከ ትልቅ የተዘጋጀ መጠን ነው። በልክ እንደተሠራ አድርጎ የሚሸጥልዎት ከሆነ ጥያቄ ያብዙ።

ጥያቄ፦ ሾክ ያለው ፎርክ ከፊት ብቻ የሚገጠምበት ፍሬም ላሠራ ነው። ሠሪው ቁመቴን ሳይሆን አስቀድሞ የፎርኬን ርዝመት ጠየቀኝ። ለምን?

መልስ፦ ጥሩ ሠሪ አግኝተዋል። ከኋላ ሾክ የሌለው ፍሬም ጂኦሜትሪ፣ ማለትም የቱቦዎቹ ማዕዘንና ርዝመት፣ የተንጠለጠለው በፎርኩ ላይ ነው። የሚፈለገው ቁጥር ከፊት ጎማ አክስል እስከ ፎርኩ ዘውድ (ሁለቱ እግሮቹ ከላይ እስከሚገናኙበት) ድረስ ያለው ርዝመት እንጂ የሾኩ ጉዞ፣ ማለትም የሚሰምጥበት ርቀት፣ ብቻ አይደለም፤ ሁለት ፎርኮች እኩል 140 ሚሊ ሜትር ጉዞ ኖሯቸው በርዝመት ሊለያዩ ይችላሉ።

ሒሳቡ ይህን ይመስላል። ፎርኩ 20 ሚሊ ሜትር ሲረዝም የመሪ ቱቦው ወደ 1 ዲግሪ ገደማ ይተኛል፤ የመቀመጫ ቱቦውም እንዲሁ። ቦተም ብራኬቱ፣ ማለትም የፔዳሉ ክራንክ የሚዞርበት ቤት፣ ከ6 እስከ 7 ሚሊ ሜትር ይነሳል፤ ሪች የሚባለው፣ ማለትም ከቦተም ብራኬት እስከ መሪ ቱቦ አናት ያለው አግድም ርቀት፣ 10 ሚሊ ሜትር ያህል ያጥራል። የመሪው የታች ኩሽኔታ ከቱቦው ውጪ የሚቀመጥ ከሆነ የኩሽኔታው ቤት ከፍታ 12 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ እሱም እንደ ፎርክ ርዝመት ይቆጠራል። ብዙ ሰው የሚረሳው ይህን ነው።

ቀጥሎ ሳግ አለ፤ ሰው ሲቀመጥ ፎርኩ የሚሰምጠው መጠን ማለት ነው። 140 ሚሊ ሜትር ፎርክ በ20 በመቶ ሳግ 28 ሚሊ ሜትር ይወርዳል፤ በዚህም የመሪ ቱቦው ከ1 ዲግሪ ትንሽ በለጥ ያለ ይቆማል። ወረቀት ላይ 64 ዲግሪ የተጻፈው ፍሬም እርስዎ ሲቀመጡበት 65 አልፏል። የፊትም የኋላም ሾክ ያለው ብስክሌት ሲቀመጡበት በሁለቱም በኩል ስለሚሰምጥ ቁጥሩ ይህን ያህል አይቀየርም። ስለዚህ ከእንዲህ ያለ ብስክሌት የወደዱትን ዲግሪ ቀድተው ለዚህኛው አይላኩ፤ ሠሪው ስዕሉን ሲልክ ቁጥሮቹ ሳግ ያለባቸው ወይም የሌለባቸው መሆናቸውን ይጠይቁ።

የሚልኩት መረጃ ይህ ይሁን፦ ክብደት ከነዕቃዎ፤ ቁመት፤ ያለ ጫማ ከወለል እስከ ብሽሽት ያለው ርዝመት፤ ክንዶች ተዘርግተው ከጣት እስከ ጣት ያለው ስፋት፤ አሁን የሚነዱት ብስክሌት ሪችና ስታክ (ከቦተም ብራኬት እስከ መሪ ቱቦ አናት ያለው የቁም ከፍታ)፤ የመሪ አንገቱ ርዝመት፤ የጎማው ስፋት፤ የክራንኩ ርዝመት። ከዚያ በገዛ ቃልዎ «ቁልቁል ስወርድ ይህ ይሰማኛል፣ ዳገት ላይ የፊት ጎማዬ ይነሳል» ብለው ይጻፉ። ከሁሉ የሚጠቅመው ይኸኛው ነው፤ የፊት ጎማ ዳገት ላይ የሚነሳ ከሆነ ሠሪው የመቀመጫ ቱቦውን ያቆመዋል ወይም የታችኛውን የኋላ ዘንግ ያስረዝመዋል። ክብደትዎን ሳይጠይቅ ቱቦ የሚያዝ ሠሪ ካጋጠመዎ ግን ሌላ ይፈልጉ።

ጥያቄ፦ ሬይኖልድስ 853 የሚባለው የብረት ቱቦ ከተራው ብረት፣ ከ4130 ክሮሞሊ ይልቅ «ለስላሳ» ነው ይባላል። ቲታኒየምስ?

መልስ፦ በቱቦው ስፋትና ውፍረት እኩል ከሆኑ 853 እና 4130 እኩል ይተጣጠፋሉ። የብረት ዝርያዎች ሁሉ ግትርነታቸው 200 ጊጋ ፓስካል አካባቢ ነው፤ የሚለያዩት በጥንካሬ ነው። 853 ከብየዳ በኋላ በአየር ሲቀዘቅዝ መገጣጠሚያው አካባቢ ስለሚጠነክር ግድግዳው እንዲሳሳ ያስችላል፤ ጫፎቹ 0.8፣ መሀሉ 0.5 ሚሊ ሜትር የሆነ ቱቦ የተለመደ ነው። ልስላሴው የሚመጣው ከመሳሳቱ እንጂ ከስሙ አይደለም። የሳሳው ቱቦ ደግሞ ድንጋይ ሲያርፍበት ቶሎ ይሰረጉዳል። ከ90 ኪሎ በላይ ከሆኑና ድንጋያማ ቁልቁለት ከወደዱ 0.9 እና 0.6 የሆነ ክሮሞሊ ቢታዘዝልዎ አይከፋዎትም።

ቲታኒየም ግትርነቱ የብረት ግማሽ ያህል፣ ክብደቱ ደግሞ ከግማሽ ትንሽ ከፍ ያለ ነው። ስለዚህ ዲያሜትሩ ካልሰፋ ይወዛወዛል። አይዝግም፣ ቀለም አያሻውም። ያ ለርስዎ ዋጋ ካለው ይግዙት፤ «ምቾቱ» ላይ ግን ከቱቦው ይልቅ የጎማው ስፋትና ንፋሱ ይፈርዳሉ።

ጥያቄ፦ ፍሬሜ በሣጥን ደረሰ። ራሴ ልገጣጥመው እፈልጋለሁ። ከመጀመሬ በፊት ምን ልፈትሽ?

መልስ፦ ቀለም ሳይጫር፣ ኩሽኔታ ሳይመታ በፊት ግማሽ ቀን ይስጡት። አንድ ዕቃ ከተገጠመበት በኋላ «እንዲህ ሆኖ ነው የመጣው» ማለት ያስቸግራል።

በክር ይጀምሩ። ቀጭን ክር ከአንዱ የኋላ ጎማ መያዣ ጆሮ አስረው በመሪ ቱቦው ዞሮ ወደ ሌላው ጆሮ ይመለስ፤ ጥብቅ ይደረግ። ከክሩ እስከ መቀመጫ ቱቦው ያለውን ርቀት በግራና በቀኝ ይለኩ። ክሩ የመሀሉን ዝንፈት እጥፍ አድርጎ ስለሚያሳይ 1 ሚሊ ሜትር ልዩነት ምንም አይደለም፤ ከ2 ካለፈ ፎቶ አንስተው ለሠሪው ይላኩ። ግን የኋላ ክፍላቸው ሆን ተብሎ ወደ አንድ ጎን የተሠራ ፍሬሞች አሉ፤ መጀመሪያ ይህን ይጠይቁ።

ቦተም ብራኬቱ ጥርስ ያለው ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ስፋቱ 73 ሚሊ ሜትር፣ የጥርሱ ዲያሜትር 1.37 ኢንች፣ ብዛቱ በኢንች 24 ነው። በካቴናው በኩል ያለው ግራ ጥርስ ነው፤ የሚጠብቀው ወደ ግራ ሲዞር ነው። ግራሶ ቀብተው በእጅ ብቻ ሦስት አራት ዙር ሊገባ ይገባል። ካልገባ ቀለም ወይም የብየዳ ሙቀት ያጣመመው ጥርስ አለ፤ ቁልፍ ይዘው አይታገሉት፣ ጥርስ ማውጫ ያለበት ቤት ይውሰዱት። የጎንና ጎኑ ፊትም ትይዩ ሆኖ የተላገ መሆን አለበት። ካልተላገ ሁለቱ ኩሽኔታዎች ፊት ለፊት አይተያዩም፤ ቶሎ ያልቃሉ፣ ፔዳል በረገጡ ቁጥርም ይንጣጣሉ። ብዙ ጊዜ «ፍሬሙ ይጮኻል» የሚባለው ይኸው ነው።

የመሪ ቱቦውም እንዲሁ ከላይና ከታች መላግ አለበት። ኩሽኔታው ገብቶ ፎርኩ ሲዞር አንድ ቦታ ላይ ከያዘና ሌላ ቦታ ላይ ከላላ ፊቱ ትይዩ አይደለም።

የመቀመጫ ቱቦው ላይ ይቆዩ። ብየዳ ክቡን ቱቦ ሞላላ ያደርገዋል፤ ሠሪው በሪመር (ቀዳዳን በሚያስተካክል መሣሪያ) አስተካክሎ መላክ አለበት። 30.9 ወይም 31.6 ሚሊ ሜትር የሆነው የመቀመጫ ዘንግ በእጅ ግፊት፣ በትንሽ ጥብቀት ብቻ ይውረድ። ድሮፐር፣ ማለትም በመሪው ላይ ባለ ማንሻ የሚወርድና የሚነሳ ዘንግ ከሆነ፣ ምን ያህል እንደሚገባ አስቀድመው ይለኩ፦ አንድ ቀጭን እንጨት ቱቦው ውስጥ እስኪቆም ያውርዱ፣ ምልክት ያድርጉ፣ ከዘንጉ የሚገባ ርዝመት ጋር ያወዳድሩ። የቱቦው መታጠፊያ ወይም የጠርሙስ መያዣ ቡሎን ያስቆመዋል። 200 ሚሊ ሜትር ድሮፐር ገዝተው 30 ሚሊ ሜትር ሳይገባ የቀረባቸው ሰዎች የሚጽፉልን ደብዳቤ አያልቅም።

የፍሬኑ መቀመጫ ሁለቱ ፊቶች በአንድ ጠለል ላይ ካልሆኑ ካሊፐሩ፣ ማለትም ሸራዎቹን የሚይዘው የፍሬን ክፍል፣ ምንም ቢስተካከል አንዱ ሸራ ዲስኩን ይነካል። ጎማው ነፋስ ተሞልቶ ከእያንዳንዱ ጎን ቢያንስ 6 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይኑረው፤ ጭቃ ካለበት ቦታ 8 ቢሆን ይሻላል። በመጨረሻም የኋላ አክስሉ፣ ለምሳሌ 12 በ148፣ በእጅ ተገፍቶ ሁለቱን ጆሮዎች ያለ ማስገደድ ማለፍ አለበት።

ጥያቄ፦ ሦስት ዓመት የነዳሁት የብረት ፍሬም ከመሪ ቱቦው ሥር ቀለሙ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር አወጣ። ቀለም ነው ወይስ ብረቱ? ማንም በያጅ ሊበይደው ይችላል?

መልስ፦ እስኪታወቅ ድረስ አይንዱት። ሌላው ቦታ ቢሰነጠቅ ብዙ ጊዜ ድምፅ ያሰማል፣ ጊዜ ይሰጣል። የመሪ ቱቦው ሥር ሲሄድ ግን የነጂውን ጥርስ ይዞ ነው የሚሄደው።

ቦታውን በአልኮል ይጥረጉ፣ የእጅ ባትሪ በአግድም አብርተው በአጉሊ መነፅር ይዩ። ከመስመሩ ውስጥ የዝገት ቡናማ ካፈሰሰ ብረቱ ነው ብለው ይነሱ። ካልለየ ከመስመሩ ዙሪያ 20 ሚሊ ሜትር ያህል ቀለሙን በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ያንሱ። መስመሩ ከቀለሙ ጋር ከጠፋ ተገላገሉ። ጥርጣሬ ከቀረ የስንጥቅ መፈለጊያ ቀይ ቀለም ይጠቀሙ፦ ይረጩ፣ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ይጠብቁ፣ በጨርቅ ሙልጭ አድርገው ይጥረጉ፣ ነጩን ዱቄት ይርጩበት። ስንጥቅ ካለ ውስጡ የቀረው ቀይ ነጩ ላይ መስመር ሆኖ ይወጣል።

መንስኤውን ማወቅም ይጠቅማል። ቱቦው የሚሰነጠቀው ብየዳው ላይ ሳይሆን አብዛኛውን ጊዜ ከጎኑ ነው፤ ሙቀቱ የነካውና ያልነካው ብረት የሚገናኙበት ቦታ ላይ። ለማጠናከር ተብሎ የተበየደ ሦስት ማዕዘን ቁራጭ ጫፉ ሹል ከሆነ ኃይሉን ሁሉ እዚያ ጫፍ ላይ ይሰበስባል፤ ያጠናክራል የተባለው ያሰነጥቃል። የመቀመጫ ቱቦው አናት ላይ የሚመጣው ስንጥቅ ደግሞ ብዙ ጊዜ የነጂው ጥፋት ነው፦ ዘንጉ ከላይኛው ቱቦ መገጣጠሚያ በታች ሳይወርድ፣ ከ100 ሚሊ ሜትር ባነሰ ገብቶ መንዳት። በፍሬኑ በኩል ያለው የኋላ ዘንግም ይታይ።

ለማንኛውም በያጅ ግን አይስጡት። የበርና የመስኮት ኤሌክትሮድ 0.8 ሚሊ ሜትር ቱቦ ይበሳል፤ ባይበሳም ስንጥቁን ከላይ ሸፍኖ ከሥሩ ይተወዋል። እንዲያ ያለ ጥገና ከእጅ አይሻል ዶማ ነው። ብረት የሚጠገነው ቱቦው ተቆርጦ ወጥቶ አዲስ ሲገባ፣ በቲግ (በኤሌክትሪክና በመከላከያ ጋዝ በሚሠራ ብየዳ) ወይም በናስ ሲገጠም ነው፤ ናሱ 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይቀልጣል፣ ብረቱ ራሱ አይቀልጥም። ፍሬሙን የሠራው ሰው ካለ የቱቦውን ቁጥር ያውቀዋልና ለሱ ይላኩ። የትንሽ ሠሪ ደንበኛ የመሆን ትርፉ የሚታየው እዚህ ላይ ነው።

አሉሚኒየም ሌላ ጉዳይ ነው። 6061 የሚባለው የአሉሚኒየም ዝርያ ከተበየደ በኋላ ሙቀት የነካው አካባቢ ይልፈሰፈሳል፤ ጥንካሬው የሚመለሰው ፍሬሙ በሙሉ 530 ዲግሪ አካባቢ ሞቆ፣ በውሃ ቀዝቅዞ፣ ከዚያ በ175 ዲግሪ ገደማ ለሰዓታት ሲቀመጥ ነው። ምድጃ የሌለው ሰው ቢበይደውም አይጠቅምዎም። ቲታኒየም ከውስጥም ከውጭም የአርጎን ጋዝ ካልሸፈነው አየር ይጠጣና እንደ ሸክላ ይሰበራል። ብየዳው ብርማ ወይም ፈዛዛ ቢጫ ከሆነ ጥሩ፤ ሰማያዊ፣ ግራጫ ወይም ነጭ ከሆነ አይቀበሉት።

ጥያቄ፦ የፊትም የኋላም ሾክ ያለውን ፍሬሜን የሠራው ቤት ተዘጋ። ልሽጠው?

መልስ፦ አይሽጡት፤ አንድ ቅዳሜ መድበው ይፍቱት። የመገጣጠሚያ ኩሽኔታዎች ጎናቸው ላይ ቁጥር አላቸው፦ 6902 ከሆነ ውስጡ 15፣ ውጪው 28፣ ስፋቱ 7 ሚሊ ሜትር ነው፤ 6802 ከሆነ 15፣ 24 እና 5። ኩሽኔታ ሻጭ ዘንድ ይገኛሉ፤ ሲገዙ ለብስክሌት መገጣጠሚያ ተብለው እስከ አፍ በኳስ የተሞሉትን ይምረጡ፤ ሙሉ ዙር ስለማይዞሩ ሸክም እንጂ ፍጥነት አያገኛቸውም። የሾኩ ልክ፣ ለምሳሌ 210 በ55 (ርዝመቱና ጉዞው በሚሊ ሜትር)፣ ከየትኛውም የሾክ አምራች ይገጥማል። ችግር የሚሆኑት የራሱ ቡሎኖችና ማርሽ ቀያሪውን የሚይዘው ጆሮ ናቸው። ጆሮው ዩዲኤች የሚባለው የጋራ ልክ ከሆነ ችግር የለም። ካልሆነ ያልታጠፈውን አሁኑኑ ማሽን ሾፕ ወስደው ሁለት ቅጂ ያስወጡ፤ ከታጠፈ በኋላ ናሙና የለዎትም። ቡሎኖቹንም በመለኪያ ካሊፐር ለክተው ዲያሜትር፣ ርዝመትና የጥርስ ርቀት ይመዝግቡ።

ገና ሊገዙ የሚያስቡ ደግሞ እነዚህን ሁሉ ከማዘዛቸው በፊት ይጠይቁ፤ ስዕሉ በእጅ ቢኖር መልካም ነው።

ጥያቄ፦ ከብረት ፍሬሜ ውስጥ ውሃ ይንጠባጠባል።

መልስ፦ መንጠባጠቡ ጥሩ ነው፤ የማይንጠባጠበው ነው የሚያሰጋው። ቦተም ብራኬቱ ሥር ያለው ቀዳዳ በጭቃ እንዳይደፈን ይጥረጉት። በዓመት አንዴ የመቀመጫ ዘንጉን አውጥተው ፍሬሙን ገልብጠው ያድርቁት፤ ዘይት፣ ለምሳሌ የተልባ ዘይት፣ ቱቦዎቹ ውስጥ ጨምረው በሁሉም አቅጣጫ ያገላብጡት፤ ለአንድ ሌሊት ይንጠፍ። ዘንጉን ሲመልሱ ግራሶ ይቀቡ። ፍሬሙ ቲታኒየም ከሆነ በግራሶው ፈንታ መጣበቅ የሚከላከለውን ቅባት ይጠቀሙ።

ጥያቄ፦ ቀብድ ከፍዬ «አሥር ሳምንት» የተባልኩት ፍሬም አምስተኛ ወሩን ያዘ። ሠሪው ጥሩ ሰው ነው፤ ግን ምን ልበለው?

መልስ፦ ጥሩ ሰው መሆኑና የጊዜ ሰሌዳው ሁለት ነገር ናቸው። «መቼ ይደርሳል?» ካሉት «በቅርቡ» ይልዎታል። ይልቅ «አሁን የት ላይ ነው?» ይበሉት፦ ቱቦው ደርሷል? ተቆርጧል? ተበይዷል? ቀለም ቤት ነው? መዘግየት የሚበዛው ቀለም ላይ ነው፤ አብዛኞቹ ሠሪዎች የሚያስቀቡት ውጪ ነው፣ ቀለም ቤቱም ብዙ ፍሬም ተጠራቅሞ እስኪሞላ ይጠብቃል። ከተቸኮሉ ጥርት ባለ መከላከያ ብቻ ተቀብቶ እንዲላክልዎ ወይም ቀለም ቤቱ በእጁ ባለው ቀለም እንዲቀባ ይስማሙ።

ገና ካልተቀባ የመሪ ቱቦውንና የቦተም ብራኬቱን መገጣጠሚያዎች ፎቶ ያስልኩ። ብየዳው ጠርዝ ላይ ቱቦውን በልቶ ቦይ ከሠራ የሚታየው ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ ቀሪ ሒሳቡንም ከዚያ በኋላ ይክፈሉ። የሾክ ጉዞውን በ20 ሚሊ ሜትር ልቀይር ብለው ከሆነ ደግሞ ይተዉት፤ ስዕሉ ከጸደቀ በኋላ የሚመጣ ለውጥ ቱቦው ከተቆረጠ ፍሬሙን እንደ አዲስ ያስጀምራል፣ አምስተኛው ወርም መጀመሪያ ይሆናል።